በቤታችን ያለው የማይታይ ቁጥር፤ ስለ አቶም፥ ስለ ሞለኪውልና ስለ ሞል ለእናቶችና ለቤተሰብ የተዘጋጀ ትምህርት



ስለ ቤት ንጽሕናና ጤና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ይህን አድርጉ፥ ያን አታድርጉ» የሚል ትእዛዝ ነው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከሰል አንድዳችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ ይባላል። ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ትእዛዝ ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የትእዛዙን ምክንያት እንመለከታለን። ምክንያቱ የሚገኘውም ልጆቻችን በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ብለው በሚማሩት ትምህርት ውስጥ ነው።

ልጃችሁ ደብተሩን ይዞ «አቶም፥ ሞለኪውል፥ ሞል» እያለ ሲያጠና ብትሰሙ፥ ይህ የከተማ ሰው ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። ነገሩ በጓዳችሁና በምድጃችሁ ያለ ነው። ማንበብ የማይችል ቤተ ሰብ ካለም ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ሁለቱም ይማራሉ።

ለምሳሌ የምንወስደው አገር ደነባን ነው። ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ስትሆን የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። ብርዱም ከፍታውም ከዚህ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በየቦታው እናሳያለን።

፩ኛ፤ አቶም ምንድን ነው?

አንድ ቁና ጤፍ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ክምር ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ፍሬ ፍሬ ነው። እንደዚሁም ውሃው፥ ጨው፥ ከሰሉ፥ የምንተነፍሰው አየር፥ የራሳችን ገላ ሳይቀር ከጥቃቅን ፍሬዎች የተሠራ ነው። እነዚህ ፍሬዎች አቶም ይባላሉ። የጤፍ ፍሬ ምንም ብታንስ በዐይን ትታያለች። አቶም ግን በዐይን ቀርቶ በጤና ጣቢያ በሚገኘው ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም።

የአቶም ዓይነት እጅግ ብዙ አይደለም። እስከ ዛሬ የታወቁት 118 ናቸው። ከአንድ ዓይነት አቶም ብቻ የተሠራ ነገር ንጥረ ነገር ይባላል። ለዛሬው ትምህርት የሚያስፈልጉን አምስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሃይድሮጅን፥ ኦክስጅን፥ ካርቦን፥ ሶዲየምና ክሎሪን ናቸው። ባልትና የምታውቅ ሴት ከጥቂት እህል ብዙ ዓይነት ምግብ እንደምትሠራ ሁሉ፥ ከእነዚህ ጥቂት ንጥረ ነገሮች እጅግ ብዙ ዓይነት ነገር ይሠራል።

፪ኛ፤ ሞለኪውልና አጻጻፉ

አቶሞች ብዙውን ጊዜ ለየብቻ አይኖሩም፤ ተያይዘው ይኖራሉ። ሁለትም ሦስትም ከዚያም በላይ ሆነው የተያያዙ አቶሞች ሞለኪውል ይባላሉ። ዋናው ነገር ግን የሚያያዙት በዘፈቀደ ሳይሆን በቁጥር መሆኑ ነው።

ይህን ከጉልቻ ማየት ይቻላል። ድስት የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው፤ በሁለት አይቆምም። የውሃ ሞለኪውልም ሦስት አቶም ነው፤ ሁለቱ ሃይድሮጅን፥ አንዱ ኦክስጅን። የኬሚስትሪ ሰዎች ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አጭር ምልክት ሰጥተውታል። ሃይድሮጅን «ኤች»፥ ኦክስጅን «ኦ»፥ ካርቦን «ሲ»፥ ሶዲየም «ኤን ኤ»፥ ክሎሪን «ሲ ኤል» ይባላል። ስለዚህ ውሃ ሲጻፍ «ኤች 2 ኦ» ተብሎ ነው። ይህ አጻጻፍ ኬሚካዊ ቀመር ይባላል። ቀመር ማለት ምን ምን እንደ ገባና ስንት ስንት እንደ ገባ የሚናገር ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ቢለወጥስ? ነገሩም አብሮ ይለወጣል። በውሃው ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ቢጨመርበት «ኤች 2 ኦ 2» ይሆናል። ይህ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባለው፥ ለጀርም ማጥፊያ የሚያገለግለው ፈሳሽ ነው፤ መልኩ ውሃ ቢመስልም ቢጠጡት ይጎዳል። የወጥ ጨውም እንዲሁ ነው። ጨው «ኤን ኤ ሲ ኤል» ሲሆን አንድ ሶዲየም ለአንድ ክሎሪን ነው። ከሁለቱ ጋር አንድ ኦክስጅን የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ጨውነቱ ቀርቶ በበረኪና ውስጥ ያለው መርዛም ኬሚካል ይሆናል። እንግዲህ በአንድ አቶም ብቻ ምግብና መርዝ ይለያያሉ ማለት ነው።

፫ኛ፤ ሞል ምንድን ነው?

አቶም የማይታይ ከሆነ እንዴት ይቆጠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከገበያ እናምጣው።

በደነባ ገበያ ምስር የሚሸጥ ሰው ፍሬ በፍሬ አይቆጥርም፤ ይሰፍራል ወይም ይመዝናል። አሁን አንዲት ሴት 1000 የባቄላ ፍሬና 1000 የምስር ፍሬ ትፈልጋለች እንበል። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ሚዛኑ ግን አይገናኝም፤ ባቄላው ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ደክማ 1000 ባቄላ ይህን ያህል፥ 1000 ምስር ያን ያህል ይመዝናል ብላ ብታውቅ፥ ከዚያ ወዲያ መቁጠር አያስፈልጋትም፤ መዝና ትወስዳለች። መመዘኑ መቁጠር ሆነላት።

ሞልም ይኸው ነው። «ደርዘን» ብንል 12 ማለታችን እንደ ሆነ ሁሉ፥ «ሞል» ስንልም አንድ የታወቀ ቁጥር መጥራታችን ነው። ቁጥሩም 602 ተጽፎ ከኋላው 21 ዜሮ ሲደረደርለት የሚገኘው ያህል ነው። ይህም በኢጣሊያዊው ሊቅ በአቮጋድሮ ስም ይጠራል። አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም ይመዝናል። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ነው፤ ይኸውም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ሞል ጨው 58 ግራም ተኩል ነው። ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ደግሞ አንድ ሞሉ 180 ግራም ነው። ሚዛናቸው የተለያየ ነው፤ ቁጥራቸው ግን እኩል ነው።

ይህን ከያዝን ከዚህ ቀጥሎ ወዳሉት ሦስት የቤት ጉዳዮች እንሂድ።

፬ኛ፤ ከሰልና የተዘጋ ቤት

በደጋው አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት የብዙ ሰው ልማድ ነው። ጠንቃቃ የሆነችውም ሴት ከሰሉን ከውጭ አቀጣጥላ፥ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ታስገባዋለች። «ጭሱ ወጥቷል፥ ደኅና ነው» ትላለች። እዚህ ላይ ነው አደጋው።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። 12 ግራም ካርቦን በደንብ ለመንደድ 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ለአንድ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይደርሰውና «ሲ ኦ 2» ይሆናል። ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ከትንፋሻችንም ከሚቦካ ሊጥም የሚወጣ አየር ነው። ኦክስጅኑ ግማሹ፥ ማለት 16 ግራም ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ለአንድ ካርቦን አንድ ኦክስጅን ብቻ ይደርሰውና «ሲ ኦ» ይሆናል። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ገዳዩ ይህ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። ጭስ ሲኖር ሰው ያስለውና ይወጣል፤ ይህ ግን ሳይታወቅ ይገባል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ገላችን ሁሉ የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ጭነት አህያ ቁጠሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ አህያ ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይጣበቃል። አህያው ቦታው ተይዟልና ኦክስጅን አይጭንም። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አየር ያጣል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን አስቡ፤

ሀ) ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ የከሰል፥ የእንጨት ወይም የኩበት ፍም ባለበት ቤት ፈጽሞ አትተኙ። ሕፃን፥ እርጉዝና አዛውንት ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ለ) ከሰል የሚነድበት ቤት በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ለመኝታ ስትሄዱ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ብርዱን በብርድ ልብስና በጋቢ መከላከል ይሻላል።

ሐ) ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ።

መ) የተጎዳ ሰው ስታገኙ አስቀድማችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰውየውንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የሚረዳው ኦክስጅን ነው።

፭ኛ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር

ሕፃን በተቅማጥ ሲያዝ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከገላው ውሃና ጨው ማለቁ ነው። ውሃ ብቻ ቢጠጣ ጨዉን አይመልስለትም፤ የታመመው አንጀትም ውሃውን በደንብ አይቀበልም። ለዚህ የተሠራው በፓኬት የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፤ ኦ አር ኤስም ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በተቀበሉት ቀመር መሠረት ለ1 ሊትር ውሃ የሚሆነው ፓኬት በውስጡ 13 ግራም ተኩል ግሉኮስ፥ 2.6 ግራም ጨው፥ 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት። በሚዛን ብናየው ስኳሩ ከጨው እጅግ ይበልጣል። በሞል ስንቆጥረው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ግሉኮሱ የአንድ ሞል 75 ሺኛ ነው። ከጨውና ከሲትሬቱ የሚገኘው ሶዲየም ሲደመርም እንዲሁ የአንድ ሞል 75 ሺኛ ነው። ለአንድ የግሉኮስ ፍሬ አንድ የሶዲየም ፍሬ ተመድቦለታል ማለት ነው።

ይህ እንዲያው የተደረገ አይደለም። በአንጀታችን ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ የሚያስገባ በር አለ። ተቅማጡ የበረታ ቢሆንም፥ ኮሌራም እንኳ ቢሆን፥ ይህ በር ይሠራል። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ተከትሏቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሕንድ አገር በነበሩበት መጠለያ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ሲሄድ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ግሉኮስ፥ ጨውና ሶዳ በልክ መዝነው በውሃ አስበጥብጠው፥ የታማሚዎቹ ዘመዶች ራሳቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረጉ። በዚያም እጅግ ብዙ ሰው ዳነ። ዛሬ በእናንተ እጅ ያለው ፓኬት የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልኩ ቢዛነፍ ምን ይሆናል? ውሃው ከልኩ ያነሰ እንደ ሆነ ጨው ይበዛና የሕፃኑን ገላ ይበልጥ ያደርቃል፤ እስከ መንዘፍዘፍም ያደርሰዋል። ስኳሩ የበዛ እንደ ሆነ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ውሃው የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ይደክማል። ጥሩ ባለሙያ ሴት የወጥ ጨው በዐይኗ ገምታ፥ በጣቷ ቆንጥራ ትጨምራለች፤ ወጡም ይጣፍጣል። ለዚህ መድኃኒት ግን ግምት አይሆንም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤

ሀ) እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በክሎሪን የታከመ ውሃ አዘጋጁ።

ለ) 1 ሊትር ለመለካት ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውሃ የነበረበትን ንጹሕ ሃይላንድ ተጠቀሙ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠንም አስነብቡ።

ሐ) ፓኬቱን ሙሉውን ባንድ ጊዜ ጨምሩ። ግማሹን ዛሬ፥ ግማሹን ነገ አትበሉ፤ ዱቄት በዐይን ለሁለት አይከፈልም። ስኳርም፥ ሌላ ጨውም፥ ወተትም አትጨምሩበት።

መ) ሕፃኑ ተቅማጥ በወጣው ቁጥር፥ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ፥ ከዚያ በላይ ከሆነ ከግማሽ እስከ ሙሉ ኩባያ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ።

ሠ) ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ደፍታችሁ ሌላ በጥብጡ። ጡት ማጥባትና መመገብ አይቋረጥ። ጤና ባለሙያ የሰጣችሁን ዚንክም እስከ መጨረሻው ስጡት።

ፓኬት በሌለበት ጊዜ፥ እስኪገኝ ድረስ፥ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው አይከመር፤ አፉ በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል። የወጥ ቤቱ ስኳር በአንጀት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክፍል ያው ግሉኮስ ነው። ቁጥሩም ከፓኬቱ ጋር ይቀራረባል። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፥ ዐይኑ ከጎደጎደ፥ ከፈዘዘ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን በቤት አታቆዩት፤ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

፮ኛ፤ ውሃን ማፍላትና በክሎሪን ማከም

ውሃ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ይሯሯጣሉ። ከላያቸው ያለው አየር እንደ ክዳን ተጭኖ ይይዛቸዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ክዳኑን አሸንፈው እንፋሎት ሆነው ይወጣሉ፤ ፈላ የምንለው ያን ጊዜ ነው። እንፋሎቱም ያው «ኤች 2 ኦ» ነው፤ ሞለኪውሎቹ ተራራቁ እንጂ አልተለወጡም።

እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳር አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በደነባ ግን ቦታው ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ክዳኑ ቀለለ ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር የባቄላ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው። እሳት ብትጨምሩበትም ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም።

ይህ ሙቀት ጀርም ለመግደል ይበቃል፤ ጥቂት ጊዜ ግን መጨመር ያስፈልጋል። በዝቅተኛ አገር ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን 3 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ ቁጠሩ። ከዚያ በላይ ማቆየት ማገዶ ማባከን ነው። ከዚያም ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ በጠባብ አፍ ዕቃም ይቀመጥ። ነገር ግን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ በውሃ የተሟሟ መርዝ አያወጣም። ስለዚህ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ የውሃ መቅጃ አይሁን።

ማገዶ በሚያንስበት ጊዜ ለውሃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀ ክሎሪን ይጠቅማል። እዚህም ላይ ዋናው ልክ ነው። በጠርሙሱ ላይ ለ20 ሊትር ጀሪካን የታዘዘውን ያህል ብቻ ጨምሩ፤ ከጨመራችሁም በኋላ ሳይጠጣ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሲያንስ ጀርሙ ይተርፋል፤ ሲበዛ ይጎዳል። የልብስ ማንጫውን በረኪና ደግሞ ከሎሚ፥ ከኮምጣጤ፥ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉት፤ አቶሞቹ ተለዋውጠው ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ሽንት የነካውን የሕፃን ጨርቅም አስቀድማችሁ በውሃ አለቅልቃችሁ ነው በረኪና የምታስነኩት። በረኪናው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ይጠጣዋል።

ማጠቃለያና ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ነገር ሁሉ ከማይታዩ ፍሬዎች በቁጥር ተሠርቷል፤ እኛ ፍሬዎቹን ልንቆጥር ባንችልም በማንኪያ፥ በሊትርና በደቂቃ ስንለካ መቁጠራችን ነው። ስለዚህ በቤታችሁ አንዲት የሻይ ማንኪያና አንድ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ለዚህ ሥራ ብቻ ለይታችሁ፥ አጥባችሁ አስቀምጡ።

ከጎረቤት ጋር ለመነጋገር የሚከተሉትን ጠይቁ፤

1. የውሃ ቀመር «ኤች 2 ኦ» ሲባል 2 የሚለው ቁጥር ምንን ይነግረናል?

2. ጭስ የሌለው ፍም ለምን ይገድላል? በቀመሩ ያለው ልዩነት ስንት አቶም ነው?

3. አንድ ሞል ጨውና አንድ ሞል ግሉኮስ በምን እኩል ናቸው? በምንስ ይለያያሉ?

4. የኦ አር ኤስ ፓኬት ግማሹን በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ ለምን አይገባም?

5. በደነባ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ለምን?

መልሱ ያጠራጠራችሁ እንደ ሆነ በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቋት። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱም ላላነበበ ጎረቤት አስተላልፉት።